የጣጤ ጭረት

ውሸት ነው ብያለሁ። ጠዋት ደውላ «ጣጤ አረፈ» ያለችኝን ልጅ ሰድቤያት ዘጋሁባት። ይቅር በይኝ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

ወባ እኮ ነው! ሚዛን ከተማ ውስጥ ወባ ያልያዘው ሰው አለ እንዴ? ይይዘናል፣ እንንቀጠቀጣለን፣ ኪኒን እንውጣለን፣ ከዛ ተነስተን እንሄዳለን። እሱም ተኝቶ «ሙዝ አምጪልኝ እንጂ አታፍጥጪብኝ» እያለ ሲስቅብኝ ነበር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጣጤ እዚህ ሚዛን ማተሚያ ቤት ነበር የሚሰራው። የሰርግ ካርድ፣ የምረቃ ባነር፣ የቤተክርስቲያን ሰርተፊኬት። ስም ብቻ ታስገባላችሁ፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ ራሱ በየቦታው ይደረድረዋል። ያንን ቴምፕሌት የጻፈው እሱ ነው። እኔ ከመምህር ተጣልቼ ከአስረኛ ክፍል ወጥቼ ስንቀዋለል አየኝና ወንበር ስቦ «ቁጭ በይ ሚጥሚጣ፣ እስኪ ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር ተጣዪ» አለኝ።

ከሱም ጋር ተጣላን። እዛው የመጀመሪያው ቀን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጣጤ ቋንቋ ቤንችኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ጥ» ማለት «ት» (T) ነው፣ ግን ከጎኑ ከፍ ብላ አንዲት ጭረት አለች። ይህቺ፦ '

ኮምፒውተሩ ይህቺን ጭረት ሲያይ «በቃ ጽሑፉ እዚህ አለቀ» ብሎ ያስባል። የአንዷ ሙሽራ ስም ካርዱ ላይ ግማሹ ጠፋ። እኔ ምን አደረግኩ? ጭረቶቹን በሙሉ ሰርዤ ተገላገልኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬ።

ጣጤ መጣና አየ። «የኔን ስም ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። «ጭረቶቹን ሰርዢ።» ሰረዝኩ። «አንብቢዋ!»

«ታቴ።»

«አያችሁልኝ? በዚህ ጢሜ ታቴ ታቴ እየተባልኩ መራመድ የምማር ሕፃን አደረገችኝ!»

ማተሚያ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ አውካካ። ተነስቼ ልሄድ ነበር፣ እልህ ይዞኝ ቀረሁ።

ከዛ አሳየኝ። ጭረቷ ቴምፕሌቱ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ካፖርት ታለብሷታላችሁ፣ ' ትሆናለች። ኮምፒውተሩ አይለያትም፣ ዝም ብሎ ያሳልፋታል። በዛኛው በኩል ስትወጣ ካፖርቷን አውልቃ ጭረት ሆና ትታተማለች። ባለሙያዎቹ «ኢስኬፕ» ይሉታል። እሱ «ማስመለጥ» ነበር የሚለው። እጄ ወደ መሰረዣው በሄደ ቁጥር ከወንበሩ ሳይነሳ ይጮህብኛል፤

«ሚጥሚጣ! አትሰርዣት፣ አስመልጫት!»

አንዴ ስለ ትምህርት ቤት ስነጫነጭ ሰማኝና «አንቺም እኮ ጭረት ነሽ፣ ገና ሲያዩሽ 'በቃ እዚህ አለቀ' ነው የሚሉት» አለኝ።

«እና እኔን ማን ያስመልጠኝ?»

«ታዲያ እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ለወሬ ነው?»

ዛሬ ማተሚያ ቤት ስደርስ የቀብሩ ባነር ታትሞ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ፎቶው አለ። ከላይ በአማርኛ «በሰላም እረፍ» ይላል። ከሥር ስሙ፣ እሱ እንደሚወደው በራሱ ቋንቋ፦

T'at'e

ከነካፖርቱ።

እሱ ታሞ ሲተኛ አንዱ ቴምፕሌቱን ነካክቶታል። እንዳይበላሽ ብሎ፣ ያመለጠውን ድጋሚ አስመልጦታል። ሁለት ካፖርት ለብሶ ገባ፣ አንዱን ብቻ አውልቆ ወጣ። ማን እንደሆነ አልጽፍም። ከኔ እኩል ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።

ጮህኩ። ጠረጴዛ ደበደብኩ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ደምሴ «ልጄ፣ ማን ያነበዋል? ሰው ፎቶውን ነው የሚያየው» አሉኝ።

«እሱ ያነበዋል!» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። ትርፉን ካፖርት አወለቅኩ፣ ስሙ ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ መጣ። ጭረቶቹ ቁጭ ብለዋል፣ ቆንጆ። አትም ልለው ስል መብራት ሄደ።

ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ጠበቅን። አልመጣም። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት እናቱ ያሉበት ሸዋ ቤንች ነው፣ ለቀስተኛ የሚጭነው መኪና ውጪ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል።

ባነሩ ላይ የታተመውን የማይረባ ካፖርት በነጭ ፕላስተር ሸፈንኩት፣ በሰሌዳ ማርከር ጭረቶቹን በእጄ ሳልኳቸው። መኪና ላይ እስከሚወጣ ድረስ ስሙ ስሙን ይመስል ነበር።

ሸዋ ቤንች ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። የኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ አይለምኑትም። ማርከሩ ታጠበ። ፕላስተሩ ባዶውን ቀረ።

እናቱ ፊደል አልቆጠሩም። የባነሩን ውሃ በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ከፎቶው ሥር ያለውን በጣታቸው ነክተው ወደኔ ዞሩ።

«ስሙ ነው?»

«አዎ እናቴ። ስሙ ነው።»

ታቴ ነበር የሚለው።

ጣጤ፣ የሰውን ስም ሁሉ ስታስመልጥ ኖረህ ያንተን ሁለት ጭረት ማስመለጥ አቃተኝ። ሙሽሮቹ አሉ፣ ተመራቂዎቹ አሉ፣ ባነራቸው ግድግዳ ላይ አለ። አንተ ነህ የተሰረዝከው። «አይዞሽ» ይሉኛል፣ ምኑን ነው የምይዘው? ወደዛ ወንበር እመለሳለሁ ብዬም አልዋሽህም።

ሂድ በቃ። መንገዱን አታውቀውም፣ ዝናቡም አላባራም፣ እጅህን የሚይዝህ የለም። ቀስ ብለህ እርገጥ፣ ወንድሜ።

ታቴ። ታቴ።