ልጄ ክፍል ውስጥ ያወራችው ተረት

"እማዬ፣ ዛሬ ከራሳችሁ ፈጥራችሁ ተረት አውሩ ተብለን የእኔ አንደኛ ወጣ!" አለችኝ የስድስተኛ ክፍሏ ልጄ፣ ሆሳዕና ከተማ ስንኖር፣ ከትምህርት ቤት እንደገባች።

"ስለ ምን አወራሽ?"

"ወታደር እንዳይወስደው ጓሮ እንሰት ውስጥ ስለተደበቀ ወንድም። የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅማ 'መጨረሻውስ?' እያለች ነዘነዘችኝ። ነገ ጨርሺው ተብያለሁ።"

ታላቅ ወንድሟ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ እውነትም እንሰታችን ውስጥ ነበር። እኔ ፊደል ከመቁጠር ያላለፍኩ ሴት፣ ተረት መፍጠር የሚባል ትምህርት መኖሩን በምን ልወቅ? የታዘዘችውን ያደረገች ልጅስ እንዴት ትመታለች? አባታቸው የለ፤ ማንን ላማክር?

በእኛ አገር ለቅሶ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ አይያዝም። ልጁን ጋቢ አከናንቤ፣ እሷንም ይዤ፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ አንጋጫ መንገድ ጀመርኩ። ኬላው ላይ አብዮት ጠባቂው "ማን ሞቶባችሁ ነው?" ሲለኝ፣ ሟርት እንዳይሆንብኝ ስም መጥራት ፈራሁ። እንባዬ ግን ሳልጠራው ዱብ ዱብ አለ።

"እግዜር ያጽናሽ፣ እናቴ። እለፉ።"

ሲመሻሽ አንጋጫ እህቴ ቤት ገባን። በሩን ዘጋችልን። ልጄ ተረፈ።