በርበሬን የጠላው ጨረር

ፍኖተ ሰላም፣ ንጋት

መናኸሪያው ጭቃ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቦምቦሊኖ በሻይ በላሁ። ወደ ቡሬ የምሄደው ጓሮ ለማየት ነው። ከአክስቴ ከይታይሽ ቤት በላይ የስልክ ማማ ከተተከለ ወዲህ በርበሬያቸው ተጠማዘዘ፤ "ጨረር ጨረሰኝ" ይላሉ። ለማማው መሬት ያከራየው ታናሽ ወንድማቸው ልየው ነው። ተኳርፈው ፋሲካን እንኳ ለየብቻ ፈሰኩ። አሁን አክስቴ ጓሮውን ነቅለው፣ ቤቱን ዘግተው ከተማ ሊገቡ ነው።

"ጋሼ፣ ስልክዎን ከደረት ኪስዎ ያውጡት፤ ጨረሩ ልብ ያደክማል" አለኝ ሾፌሩ፣ የምሄድበትን ጉዳይ ስነግረው። የእሱ ደረት ኪስ ሁለት ስልክ ይዟል።

ቡሬ፣ ረፋድ

ባለባጃጁ ጭቃውን አብሬ የገዛሁ ይመስል እጥፍ ጠየቀኝ። ከፈልኩ። ግራና ቀኝ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ደግሞ ጤፍ።

የአክስቴ ጓሮ፣ ቀትር

በርበሬው እውነትም ታሟል። ቅጠሉ ቀጥኖ እንደ ጅራፍ ተገምዷል። ቲማቲሙና ጎመኑም እንዲሁ። ማማው ሥር ያለው በቆሎ ግን ለምለም ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱም።

"አክስቴ፣ ይህ ጨረር በቆሎ ይወዳል ልበል?"

"ምነዋ! በርበሬዬ ሞቶ ትቀልዳለህ?"

"ሰፊ ቅጠል መርጦ የሚመታ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ የጤፍ አረም ማጥፊያ።"

"እኔ የረጨሁት የትል መድኃኒት ነው፤ በገዛ መርጫዬ።"

"መርጫውን የሚዋስዎት አለ?"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ልየው በጎረቤት በኩል ይወስደዋል። እኔም እንደማላውቅ እሆናለሁ። ዛሬም እሱ ዘንድ ነው።"

"ታጥቦ ነው የሚመለሰው?"

"ባዶውንማ አይልከውም! የእናታችን ልጅ አይደል? ታቹ ላይ መድኃኒት ያስቀርልኛል። የትሉን በላዩ ጨምሬ እረጫለሁ።"

የማይታይ ጠላት ምቾት አለው፤ ዕቃ ቤትህን ፈትሽ አይልህም።

የልየው ማሳ፣ ከሰዓት

ጤፉ ዳር መርጫውን እንዳዘለ አገኘሁት። ታቹ ላይ ስለሚያስቀረው መድኃኒት ጠየቅሁት።

"ለአረሟ ይሆናታል ብዬ ነው የማስቀርላት። የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ?"

የበርበሬውን ነገር ነገርኩት። መርጫውን አውርዶ አጠገቡ ቁጭ አለ። "በእጄ ነዋ የገደልኩባት" አለ። ከዚያ ተነሥቶ ዕቃውን በአመድና በሳሙና ያጥበው ጀመር፤ ወገቤን እስኪያመኝ ውኃ አመላለስኩለት።

የአክስቴ በር፣ ወደ ማታ

ልየው ከተኳረፉ ወዲህ ያንን ደጅ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። መርጫውን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። አክስቴ ክዳኑን ከፍተው አዩ፤ ዘቅዝቀው ነቀነቁት። ጠብታ የለም።

"ልየው! ለእኔ ባዶ ዕቃ?"

"ባዶውን ነው፣ እታለም።"

መርጫውን አስቀምጠው በርበሬውን ዞረው አዩት፤ ቆይተው ደግሞ እሱን።

"ለከርሞ ችግኝ ይዘህ ካልመጣህ ወንድሜ አይደለህም። በል ግባ፤ ጭቃህን ግን ከደጅ ጥረግ።"