ጀርባዬ ላይ የወጣው አራት ማዕዘን

መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አልነበረም፤ ምት ነው። ከሥራ ገብቼ ጋደም ስል እምብርቴ ሥር የሆነ ነገር ድም ድም ይላል። አርባ ዓመት ደብረ ማርቆስ ውስጥ በርና መስኮት የገጠምኩ አናጢ ነኝ። ወገብ ያመኛል፣ ጉልበት ያመኛል፤ ሆድ ውስጥ የሚመታ ነገር ግን አላውቅም። ባለቤቴ የሺ እጇን አሳርፋ ዳሰሰችው። በማግስቱ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ።

በአልትራሳውንድ ያየኝ ሐኪም እንዳለው ከልብ ወደ ታች የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ የሚሉት፣ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ስድስት ሳንቲሜትር ደርሷል። አኑሪዝም ይባላል። ከፈነዳ አዲስ አበባ አያደርስም አለኝ። ዓባይ በረሃን ስንሻገር ሚኒባሱ በነጠረ ቁጥር ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ነበር።

አዲስ አበባ ሆዴን አልከፈቱትም። በብሽሽቴ በኩል ገብተው፣ በራጅ እያዩ፣ ስቴንት ግራፍት የሚባል ጨርቅ የለበሰ ቱቦ ቧንቧው ውስጥ ዘረጉ። ቧንቧዬ ጠማማ ስለነበር ሥራው ረዘመ። ስወጣ ቱቦውን የዘረጋው ሐኪም አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ፣ ራጁ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ስለቆየ ከሳምንታት በኋላ ጀርባዬ ሊቀላ እንደሚችል ነገረኝ። «ካዩ ምንም ሳይቀቡ ይደውሉልኝ» አለ። እሺ አልኩ። የሺ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ነበር። ተመልሳ ምን አለህ ብትለኝ፣ ድነዋል አለኝ አልኳት። ስትጨነቅ የከረመች ሴት ናት፤ ሌላ ልጨምርባት አልፈለግሁም። እኔም ቶሎ ረሳሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ጀርባዬን አሳከከኝ። ከዚያ ቀላ። ከዚያ ውኃ ቋጠረ። የየሺ እህት ከሮብ ገበያ መጥታ አየችውና አልማዝ ባለጭራ ነው አለች። በእኛ አገር አልማዝ ባለጭራ የወጣበትን ሰው መርፌ ከነካው አለቀለት ይባላል፤ ስለዚህ የሐኪም ስም እንዳይነሣ ተባለ። የሺ በየጠዋቱ ቅጠል ወቅጣ በገዛ እጇ ትለጥፍልኛለች። ያቃጥላል። ቆዳው ተላጠ። ሸተተ። ጀርባዬን ማስደገፍ አቃተኝ። ቱቦው ደኅና መያዙን የሚያዩበት የሲቲ ስካን ቀጠሮዬ ደረሰ፤ እዚያም መርፌ አለ ብለን ቀረን።

አንድ ጠዋት እስቲ በስልክ አንሺውና ልየው አልኳት። አየሁት። አራት ማዕዘን ነው። ጠርዙ በእኔ መለኪያ የተሰመረ ይመስላል። በሽታ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ያን ጊዜ የሐኪሙ ቃል ትዝ አለኝ።

ፎቶውን ላክንለት፤ ወዲያው ደወለ። የሺም እንድትሰማ ስፒከር ላይ አደረግሁት። «ይህ የራጁ ቃጠሎ ነው። ቅጠሉ አባብሶታል። መርፌ አይገድልዎትም፤ የቀሩበት ቀጠሮ ግን ሊገድልዎት ይችላል» አለ። በቱቦው ዙሪያ ደም ሾልኮ ከሆነ እብጠቱ ዳግም ያድጋል አለን።

የሺ አለቀሰች። «በእጄ አቃጠልኩህ» ነው የምትለው። ግማሽ ቀን ዝም ብዬ ሰማኋት፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። በኋላ ግን አልቻልኩም።

«የሺ፣ ነግሮኝ ነበር። የደበቅሁሽ እኔ ነኝ።»

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ቁስሌን ግን ሐኪሙ እንዳዘዘው ጠዋትና ማታ ከማጠብ አልቀረችም።

ራጅ ያቃጠለውን ሰው መልሶ ራጅ ውስጥ ማስገባት እብደት መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ የሲቲው ራጅ አጭር እንደሆነ፣ ቆዳም እንደማያቆስል በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ገባሁ፤ ደም አልሾለከም፣ ተመስገን። ቁስሉ ለመድረቅ ስምንት ወር ፈጀበት፤ ዛሬም ጠባሳው ፀሐይ ሲነካው ይለበልበኛልና ሸሚዜን ሳላወልቅ ጥላ ፈልጌ ነው እንጨት የምልገው፣ ግን እየሠራሁ ነው፤ ለዚህም እነዚያን ሐኪሞች እግዜር ይስጥልኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች፤ እኔ በሽታውን ነግሬ ማስጠንቀቂያውን ደበቅሁ። ይህ ሕክምና ከተደረገላችሁ ራጁ ምን ያህል እንደቆየ መውጫ ወረቀታችሁ ላይ አስጽፉ። ጀርባችሁን ሰው ይይላችሁ። ከቀላ፣ ቅጠልም ቅባትም ሳይነካው ደውሉ። ቀጠሮ አትቅሩ። ሐኪም ዘንድም ብቻችሁን አትግቡ።

እኔ አሁን በየዓመቱ ክትትል አለኝ፤ ከየሺ ጋር ነው የምገባው። ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ወደ እኔ ሲዞር፣ «ለእሷ ይንገሩልኝ፣ ዶክተር» እለዋለሁ።