ጨዋታዬ ውስጥ የገባው እንግዳ

ከልጅነቴ ጀምሮ የምጫወተው አንድ የጀብዱ ጌም አለ። በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ይወጣል፣ እኔም እገዛለሁ። የአሁኑ ግን የማላውቀው ሰው ኦንላይን ዘው ብሎ ጨዋታዬ ውስጥ እንዲገባ ይፈቅዳል። ሰው ሁሉ ወዶታል። እኔ ኖርዝ ዮርክ በሚባለው ሰፈር፣ ቢሮ ውስጥ፣ ደንበኛ ሳናግር ስለምውል እቤቴ ሌላ ሰው ማየት አልፈልግም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ ገባና ይከተለኝ ጀመር። ስሮጥ ይሮጣል፣ ስቆም ይቆማል። በጣም ሰለቸኝ። ማይኩ ክፍት መሆኑን ረስቼ፣

«ኧረ ይሄ ምን ዓይነት መዥገር ነው!» አልኩ።

«ማንን ነው መዥገር የምትለው?» አለኝ የሽማግሌ ድምፅ፣ በጠራ አማርኛ።

ድምፁን አውቀዋለሁ። የባለቤቴ አባት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሪጀንት ፓርክ የሚባለው ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ኮል ስታደርግላቸው ሁልጊዜ «እያረፍኩ ነው» ይሏታል።

«አባባ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅሁም!»



«ለልጄ እንዳትነግራት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌሎቹ ተጫዋቾች ገና እንደገባሁ ይገድሉኛል። ይህን ያህል መንገድ አብሮኝ የሄደ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ።»