እትዬ ለተብርሃን ጀልባ ያስቆሙበት ቀን

ኧረ በማርያም! እኔ እስካሁን አልገባኝም።

ጠዋት ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር ትራም ስጠብቅ የእትዬ ለተብርሃን ልጅ ደወለችልኝ። "እማዬ በእንቅልፏ ሄደች" አለችኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ "ወዴት?" አልኳት።

ትናንት እኮ እዚሁ ፌርማታ አብረን ነበርን! ደህና ነበሩ። ጥግ ላይ ያለውን ዳቦ ጋጋሪ የልጁን ጉንፋን ሲጠይቁት ትራሙ ጥሎን ሄደ። እኔ ተናደድኩ። እሳቸው ምን ቸገራቸው!

"ቆይ እስቲ ጓለይ፣ ሰላም ሳንለው?"

የምታውቋቸው ሁሉ ይቺን ነገር በድምፃቸው ነው ያነበባችኋት። ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ኤርትራዊት ናቸው፣ አማርኛን በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የተማሩ። ሜሴው፣ ኤግዚቢሽን ማዕከሉ አጠገብ ሆቴል ስናጸዳ አለቃችን ነበሩ። ከእሳቸው ታናሽ የሆነች ሴት ሁሉ "ጓለይ" ናት፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

አብራን የምትሠራ ማሊ የምትባል ታይላንዳዊት ነበረች። የእሷና የእትዬ ጀርመንኛ ተደምሮ አንድ ቴርሚን፣ አንዲት ቀጠሮ አያሲዝም። ግን ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ይውላሉ፣ በምን እንደሚግባቡ እግዜር ይወቅ። ማሊ ጡረታ ወጥታ አገሯ አዩታያ ስትገባ "ለተ፣ ኮም! ለተ፣ ኮም!" ነይ ነይ እያለች በስልክ መውጫ መግቢያ አሳጣቻቸው።

"እዋይ! በዚህ ዕድሜዬ ኡርላውብ? የዕረፍት ጉዞ?" አሉ። ግን ሄድን። ልጃቸው ብቻቸውን አልልክም ስላለች እኔ ተለጠፍኩ።

አዩታያ የድሮ ነገሥታት ከተማ ናት። መንገዱ ላይ ቱሪስት ይተራመሳል፣ ውስጥ ለውስጥ ባሉት አሮጌ የውሃ ቦዮች ግን ማንም የለም። ማሊ ከጎረቤት ትንሽ የእንጨት ጀልባ ተዋሰችና ራሷ እየቀዘፈች ይዛን ገባች። ውሃው ቡናማ ነው፣ ዝም ያለ። የፈራረሱ የጡብ ማማዎች ከዛፉ በላይ ብቅ ይላሉ። ቤቶቹ በእንጨት ምሰሶ ላይ ቆመዋል፣ ደረጃቸው ውሃው ውስጥ ይገባል። አንዱ ሽማግሌ እዚያ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ይቦርሻል። ያን ጸጥታ እስካሁን አልረሳሁትም፣ እንዴት እንደናፈቀኝ!

እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው መሃል ተቀምጠዋል። በየደረጃው ላለው ሰው ሁሉ "ደህና አደራችሁ!" ይላሉ፣ በአማርኛ። ሰዉም እጁን ደረቱ ላይ ገጥሞ ጎንበስ ይልላቸዋል።

"አየሽ፣ ሰላምታ የሚያውቅ ሕዝብ!" አሉኝ። እኔማ ጀልባም ላይ ልናረፍድ ነው ብዬ ሳቅኩ።

አንድ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ጋ ስንደርስ ማሊ መቅዘፊያውን አፈጠነች። አንዲት አሮጊት ደረጃው ላይ ዕቃ ታጥባለች። ማሊ ፊቷን አዞረች።

"ቆይ እስቲ ማሊ፣ ሰላም ሳንላቸው?"

"ናይን፣ ለተ። ናይን።" ፊቷ ልክ አልነበረም። "ሽቬስተር" አለች ቀስ ብላ። ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት ማሊ ፍራንክፈርት ነበረች፣ ለቀብር አልደረሰችም። እህቷ "ከእንግዲህ እህት የለኝም" ብላት፣ ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

እትዬም የእናታቸውን ቀብር አላዩም። ነገሩ የት ጋ እንደነካቸው አውቃለሁ።

ብድግ አሉ። ጀልባ ላይ እኮ ነው! እኔ ጮህኩ። እሳቸው የደረጃውን ምሰሶ ይዘው ጀልባዋን አስቆሟት። አሮጊቷ ቀና ብላ አየቻቸውና ደነገጠች፣ ዕቃዋን ትታ ተንበረከከች። እጇንም ገጠመች። እትዬ አንዷን በቀኝ፣ አንዷን በግራ እጃቸው ያዙና አቆራኟቸው።

"በቃ እንግዲህ! እናታችሁ ይሄን ብታይ ምን ትላለች? ተሳሳሙ!"

በአማርኛ! ማን ገብቶት? ሁለቱም ግን ያለቅሱ ጀመር። እህትየው አንድ ነገር ስትላት ማሊ መቅዘፊያውን ለቀቀችው፣ እኔ ነኝ ከውሃው ያወጣሁት። ምሳ እዚያው ቤት በላን።

ስንመለስ ማሊ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነገረችን። በአገራቸው የሚመንኑ ሴቶች ነጭ ነው የሚለብሱት። እህቷ ዓይኗ ደክሟል፣ እትዬን በነጠላ ስታይ "እህቴ መነኩሲት ይዛ ለእርቅ መጣች" ብላ ነው። መነኩሲት ከደጅ እንዴት ትመለሳለች?

"እኔ? መነኩሲት? እዋይ! ኧረ ምላሴን የምታውቂ ጓለይ መስክሪ!" ጀልባዋ እስክትወዛወዝ ሳቅን። ቆይተው ግን "እንኳንም አላወቅኩ" አሉ። "ባውቅ አፍሬ ቁጭ እል ነበር።"

ዛሬ ለማሊ በቪዲዮ ስደውል ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ነበር። እንዴት እንደነገርኳቸው አላውቅም። ነገ ጠዋት በዚያችው ጀልባ ወጥተው በእትዬ ስም ለመነኮሳት ምግብ ይሰጣሉ።

እትዬ፣ ጠዋት ትራሙ መጥቶ በሩ ሲከፈት ዳቦ ጋጋሪው "ዛሬ ለተ የት አለች?" አለኝ። ትራሙን ተውኩት። ቆሜ ነገርኩት፣ አብረን አለቀስን። የልጁን ጉንፋንም ጠየቅኩልዎት፣ ተሽሎታል። ሥራ አርፍጄ ገባሁ።

ደህና ይግቡ እትዬ። እዚያም በር ላይ ያለውን ሁሉ ሰላም ሳይሉ እንደማያልፉ አውቃለሁ። ግን ዛሬን ብቻ ቶሎ ይበሉ፣ እናትዎ ብዙ ጠብቀዋል።