የታጠበው ቀይ ጨርቅ

መካኒክ ነኝ ስል ሰው እጄን ያያል። የምን መካኒክ ሲሉኝ የአውሮፕላን ካልኩ ደግሞ ፊቴን ያያሉ፤ ያሾፍኩባቸው መስሏቸው። አንድ ቀን ከአዳማ ወደ ቡልቡላ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት፣ "ልጄ፣ እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ አለ እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። "ላሞቹ ሲፈቅዱ አለ" አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ቀልድ አልነበረም። አውሮፕላኗ አራት ሰው የምትይዝ ትንሽ ናት። ባለቤቷ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ዕድሜያቸውን በእህል ንግድና በጭነት መኪና የጨረሱ፣ ካረጁ በኋላ ውጭ አገር ሄደው መብረር ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። ቡልቡላ አጠገብ የሽንኩርትና የፓፓያ እርሻ አላቸው፤ ከእርሻው ጎን ያለውን የሣር ሜዳ አስተካክለው ማኮብኮቢያ አደረጉት። ማኮብኮቢያው የእሳቸው ነው፤ ሣሩ ግን የመንደሩ ላሞች ነው። ጋሼ ስለ አውሮፕላኗ ሲያወሩ እስከ ዛሬ ጭነት መኪና አልለቀቃቸውም። "ልነዳት ነው" ይላሉ። "ማርሿ እንዴት ነው?" ይሉኛል፤ ማርሽ የላትም ብዬ ብዬ ሰለቸኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ክዳኑ የተዘጋ ሞተር ጥገናው ያለቀለት ሞተር ነው ብለው ማመናቸው ነው።

ሌላው የሥራ ባልደረባዬ ዘበኛው ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ። ሥራቸው ሌባ መጠበቅና ላም ማባረር ነው፤ ሌባ መጥቶ ስለማያውቅ የተረፋቸውን ጊዜ በማጠብ ያሳልፉታል። ካፖርታቸውን ያጥባሉ፣ የአውሮፕላኗን ጎማ ያጥባሉ፤ አንድ ጊዜማ የመሣሪያ ሳጥኔን ገልብጠው ካቻቢቴዎቼን በሙሉ በሳሙና አጥበው ፀሐይ ላይ ደርድረውልኝ አገኘሁ። ጠዋት ስደርስ "አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?" ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። "ናጋ"፣ ሰላም ነው፣ እላለሁ፤ በዚህ ቀናችን ይጀመራል።

የዚያን ቀን የሄድኩት የጉልበት መቆጣጠሪያውን ገመድ ልቀይር ነበር። አብራሪው ፊት ያለችው እጀታ ወደ ፊት ስትገፋ ሞተሩ ይጮሃል፣ ወደ ኋላ ስትሳብ ይረጋጋል። እጀታዋን ከካርቡሬተሩ ጋር የሚያገናኘው ይሄው ገመድ ነው። የገመዱ ጫፍ በአንድ ብሎን ይታሰራል፤ ብሎኑን ዳዶ ይይዘዋል፤ ዳዶው በንዝረት እንዳይፈታ ደግሞ ኮፒሊያ ይገባበታል፣ የፀጉር መርፌ የምትመስል ቀጭን ሽቦ። ሦስቱ ተደምረው ከአውራ ጣቴ አይበልጡም። የሰው ነፍስ ግን እነሱ ላይ ነው የተንጠለጠለችው።

ሥራ ሳልጨርስ ከሞተሩ የምርቅ ከሆነ እጀታዋ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ። አትንኩ ማለት ነው። ጠዋት ከሳጥኔ ሳወጣው ጨርቁ ግሪስና አቧራ ጠጥቶ ቡኒ ሆኗል። "አባባ፣ ይዩት እስቲ" አልኳቸው እየሳቅሁ። "ይሄ ቀይ ይባላል? እንዲህ ቆሽሾ ሰው ቢያየው እኮ ያሳፍረናል።" ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሳቸው አልሳቁም። ጨርቁን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው እንደታመመ ልጅ አዩት።

እኩለ ቀን ላይ ገመዱ ገብቷል፣ ብሎኑ ቦታውን ይዟል፣ ዳዶውን በጣቴ አዙሬዋለሁ። ኮፒሊያዋ ብቻ ቀርታለች። ያኔ ከአብያታ ሐይቅ በኩል ንፋሱ አቧራውን ይዞ ተነሳ። ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ ክዳኑን ዘጋሁት፤ ጨርቁንም እጀታዋ ላይ አሰርኩ። መዝገቡ ላይ "ሥራው አላለቀም" ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ከምሳ በኋላ እጽፋለሁ አልኩ። ርቦኝ ነበር፤ ሌላ ሰበብ የለኝም። ኮፒሊያዋን የደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ በባጃጅ ከተማ ገባሁ።

ሽሮው እየፈላ ቀርቦልኝ ሁለተኛውን ስጎርስ ከላይ ድምፅ ሰማሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ቆማ ሰማይ ሰማይ እያየች፣ "የእናንተዋ ናት" አለችኝ ኮራ ብላ። እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ። ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁና፣

"ተከተላት!" አልኩት ሹፌሩን።

"ማንን?"

"አውሮፕላኗን!"

አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ አየና፣ "ኮንትራት ነዋ?" አለኝ።

የጋሼ ስልክ ዝግ ነው። ሜዳው ጋ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ጨርቁን ነው። የአጥሩ ሽቦ ላይ ከአባባ ፎጣ ጎን ተንጠልጥሎ፣ በርበሬ መስሎ ቀልቶ፣ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። አባባ ከጎኑ ቆመዋል፤ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ነው።

"እዪው፣ ኢንተላ ኮ! ጠራ!"

"አባባ፣ ማን ይፍቱት አለዎት?"

"ቆሽሿል አላልሽም? ጨርቁ ሳይደርቅ ጋሼ መጡ። አለቀ ወይ አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ክዳኑ ተዘግቷል አልኳቸው። ላንጋኖ እንግዳ ይጠብቀኛል ብለው ተነሡ።"

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ።

ጋሼ ላንጋኖ አልሄዱም። በላያችን ይዞራሉ። ሞተሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮሃል፣ ዝቅ አይልም። ብሎኑ መውለቁ ገባኝ፤ በዚያች አውሮፕላን ገመዱ ከለቀቀ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ላይ ይቀራል። በዚያ ፍጥነት በእኛ አጭር ሜዳ ላይ ማረፍ አይታሰብም። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ከጉልበት እጀታዋ ጎን ያለችውን ቀይ እጀታ ስቦ ቤንዚኑን መቁረጥና ሞተሩ ጠፍቶ በንፋስ ተንሳፍፎ መውረድ። ቀይዋን! ግን እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? እርጥቡን ጨርቅ ከሽቦው መንጭቄ የአባባ ዱላ ጫፍ ላይ አሰርኩና እየዘለልኩ ማውለብለብ ጀመርኩ። "ቀይዋን፣ ጋሼ! ቀይዋን!"

ሽንኩርት የሚያርሙት ሴቶች ከማሳው ቀና ቀና አሉ። ባለቤቱን እየተቀበልኩ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ ሻሻቸውን እየፈቱ አብረውኝ ያውለበልቡ ጀመር። አንዷ እልል አለች፤ እልልታው ማሳውን አዳረሰ። ጋሼም ከላይ ሆነው ክንፎቹን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርገው ሰላምታ መለሱ። እኔ እያለቀስኩ ነበር።

ሁለት ጊዜ ዞረው ሲመለሱ ድምፁ ጸጥ አለ። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ወደ እኛ አዞረች፤ ሜዳው መሃል ሰባት ላሞች ይግጣሉ። አባባ ዱላቸው እኔ ጋ ነው። ካፖርታቸውን አውልቀው በአየር ላይ እያሽከረከሩ ወደ ላሞቹ ሮጡ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም። የመጨረሻዋን ላም በጭራዋ ጎትተው ሲያወጧት ጎማዎቹ ሣሩን ነኩ። አውሮፕላኗ እየነጠረች ሄዳ የፓፓያው ችግኝ ውስጥ ቆመች።

ጋሼ ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ወረዱ። "እምቢ አለችኝ!" አሉ። "ቀንሺ ብላት፣ ብላት፣ እምቢ! ጨርቁን ለሰላምታ ያነሳሽው መስሎኝ ነበር፤ ያን ቀይ ይዘሽ እንደዚያ ስትዘልዪ ሳይ ነው ቀይዋ እጀታ ትዝ ያለችኝ።"

ክዳኑን ከፈትኩት። ብሎኑ ከሥር ተጋድሟል። ጋሼ ብሎኑን ካዩ በኋላ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አባባ ዞሩ።

"ጨርቁ እጀታዋ ላይ ታስሮ ነበር?"

"ነበር። እኔ ነኝ ፈትቼ ያጠብኩት።"

"ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ።"

አባባ አልተከራከሩም። እሷ ናት ቆሽሿል ያለችኝ አላሉም። እኔም ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ አልዋሽም፤ የሥራ ፈቃዴን እነጠቃለሁ ብዬ ፈራሁ። አባባ ዱላቸውን ከመሬት አንስተው ጨርቁን ፈቱት፤ አራት አጥፈው አምጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ሲውለበለብ ደርቋል፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝና ወደ በሩ ሄዱ።

አፈርኩ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ኮፒሊያዋን ከኪሴ አውጥቼ ለጋሼ ዘረጋሁላቸው።

"ይቺን ሳላስገባ ምሳ የሄድኩት እኔ ነኝ። መዝገቡ ላይ ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። ጨርቁ ቆሽሿል ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ከላይ ሆነው ያዩትም ስለታጠበ ነው። የሚባረር ካለ እኔን ያባሩ።"

ጋሼ ኮፒሊያዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው ብዙ አዩአት።

"ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት።"

"ይቺ?"

ከዚያ ቀና ብለው ወደ በሩ ጮሁ። "አንተ! ላሞቹ ተመልሰው ገብተዋል፤ ወዴት ነው የምትሄደው?"

እኔንም አላባረሩኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ከሰላምታ በፊት መዝገቡን ነው የሚጠይቁኝ። አሁን ብሎን ሳልነካ እጽፋለሁ፤ ውሃ ልጠጣ ስሄድም እጽፋለሁ። ጨርቁ እንደገና ግሪስ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ቀይ መሆኑን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን። አባባ ባዩት ቁጥር መዳፋቸውን ያሻሉ። ባለፈው ጊዜ አላስችል ሲላቸው፣ "አሁንስ አልቆሸሸም?" ብለው ጠየቁኝ።

"ኧረ አባባ፣ እንዴት እንደሚያምር!" አልኳቸው።