ማተቤ የጠበበኝ ክረምት

ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቴን ቆልፌ ወጣሁ። መድረሻዬ ላሊበላ፣ ምክንያቴ ልቤ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ፤ ከገነተ ማርያም በላይ ባለች መንደር አስተማሪ ሆኜ ከተመደብኩ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ ባልደረቦቼ ወደየቤታቸው ሄዱ። የኔ ቤት ግን አገር አቋርጦ ነው፤ ክረምቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ሱባኤዬን ላሊበላ ይዤ ጠበል ልጠመቅ ቆረጥኩ። የይለፍ ወረቀት ሲጽፍልኝ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር «ለዕረፍት ነው» አልኩት። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን ባጽናናም መንገዱን ሁሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ልቤ መሮጥ የጀመረው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሳለሁ ነው። የደጋው አየር ነው አልኩ። ቆይቶ ግን ተኝቼም ይነሣብኝ ጀመር። መቁጠሪያዬን ይዤ ስጸልይ አንዷን ፍሬ ሳላሳልፍ ልቤ ሦስት አራት ጊዜ ይመታል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጠመኔ ይሰበርብኛል። ቀሚሴ ሰፋኝ፤ ጾሙ ነው አልኩ፣ እንዲያውም ደስ አለኝ። ለማንም አልነገርኩም። ለማን እነግራለሁ?

እስከ ገነተ ማርያም

አብሮኝ የተጓዘው ጎረቤቴ አያ ታረቀ ነው። ለቅዳሜ ገበያ ገብስ በአህያ ጭኗል። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ገነተ ማርያም ሳንደርስ፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ ልቤ ተነሣ። ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«እታለም፣ ሜዳ ላይ እንዲህ ካለከለክሽ ዳገቱን በምን ልትወጪው ነው? ይቺ አህያ እንኳ ግማሽ ኩንታል ተሸክማ ድምጧ አይሰማም!»

«እርሷ እዚሁ ተወልዳ ነዋ፣ አያ ታረቀ።»

«እኔም እዚሁ ነው የተወለድኩት። ዳገት ስወጣ ልቤ ይደልቃል፣ ቁጭ ስል ይተወኛል። ያንቺው ግን ቁጭ ብለሽም አልተወሽ።»

«አሁን ይተወኛል» አልኩት። ጓዜን ተቀብሎ አህያዋ ላይ ደረበው።

የገነተ ማርያምን ደጅ ተሳልመን ዳገቱን በየጥቂቱ እያረፍኩ ወጣን። ላሊበላ ስንደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፏል። እርሱ ወደ ዘመዱ ቤት ሄደ፤ እኔ ለሱባኤተኞች በሚከራይ ቤት፣ ለአዳር ሃምሳ ሳንቲም ከፍዬ፣ ጥግ ያዝኩ። ሌሎቹ ከእናት ከእህታቸው ጋር ነው የመጡት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቆሏቸውን ተሻሙ፤ እኔ የኔን ወደ ግድግዳው ዞሬ በላሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጠበሉ ዘንድ

ሴቶች ተራ ይዘን ተቀምጠናል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ አፌ አልገባም። ዳገት አልወጣሁ፣ አልደነገጥኩ፤ ልቤ ግን ድንገት ፈረጠጠ። ደረቴ ተጨመደደ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ። መንፈስ ቢሆንስ፣ በሰው ፊት ሊያስለፈልፈኝ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ።

ሴቶቹን የሚያስተናግዱ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ደግፈው አጋደሙኝና የሸሚዜን ቁልፍ ሊፈቱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ማተብ ያሰረ አስተማሪ በካድሬዎች ስብሰባ ስሙ በክፉ ይነሣ ስለነበር፣ ሁልጊዜ እስከ አንገቴ ቆልፌ ነው የምሄደው።

«እኔን ነው እንዴ የምታፍሪው?» ብለው ፈቱት። አንገቴን ትኩር ብለው አዩ።

«ልጄ፣ ማተብሽን ማን እንዲህ አጠበቀው?»

«ውኃ ሲነካው ክሩ ይሰበሰባል፣ እማሆይ። ሁለቴ ፈትቼ አላላሁት።»

የራሳቸውን ማተብ ሳብ አድርገው አሳዩኝ። «ይኸ ሠላሳ ዓመት ጠበል ሲወርድበት ኖሯል። አንድ ቀን አልጠበበኝም።» በጣታቸው ጉሮሮዬን ዳሰሱ። «ክሩ አይደለም የተሰበሰበው። አንገትሽ ነው ያበጠው።»

«ሱባኤዬን ልጨርስና...»

«ጠበሉ የትም አይሄድ። ሐኪሙ ግን ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ተነሺ! በባዶ ሆድሽ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወድቀሽ በኔ እጅ ልትሞቺ ነው?»

ጉንጭ ውኃ አጠጥተው፣ ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ።

ጤና ጣቢያው

ድሬሰሩ፣ ማለትም የጤና ረዳቱ፣ ሰዓቱን እያየ የእጄን ትርታ ቆጠረ። አሳረፈኝና እንደገና ቆጠረ። አልቀነሰም።

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሁለት ወር።»

«ስሚኝ፣ እህቴ። ዳገት ወጥቶ፣ ደንግጦ ልብ ቢመታ ሲያርፉ ይበርዳል። አርፈሽም ካልበረደ፣ ያለ ምክንያትም ከተመላለሰ ሐኪም ማየት ነው። ደረት ካጨነቀ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ራስ ካሳተ ደግሞ ለነገ አይባልም።» ወደ አንገቴ አየ። «እንቅርት ነው፤ ልብሽን የሚያስሮጠውም ሳይሆን አይቀርም። ይኼን ያህል ሲያድግ ቤት ውስጥ የሚያይልሽ ሰው አልነበረም?»

«ብቻዬን ነው የምኖረው» አልኩት። እማሆይ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

ወደ ደሴ ሆስፒታል ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ብቻዬን እንዳልሄድም አስጠነቀቀኝ። ዝናቡ መኪና ስላስቀረ አያ ታረቀ የዘመዱን በቅሎ ለምኖ ሁለት ቀን ሙሉ እየመራ እስከ ዋናው መንገድ አደረሰኝ። «አሁን ማለክለክ የበቅሎዋ ፋንታ ነው» ይለኛል። ከዚያ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፈርኩ፤ አያ ታረቀም ሾፌሩን አደራ አለው። ደሴ መርምረው የድሬሰሩን ግምት አረጋገጡልኝ፤ በየቀኑ የምውጠው ክኒንም ሰጡኝ። ሦስት ሳምንት ቆየሁ።

መመለሻ

መስከረም ሲገባ የቤቴን በር ከፈትኩ። ቤቱ ሻግቷል፤ የሚጠብቀኝም አልነበረም። መቁጠሪያዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ልቤ አሁን ፍሬዎቹን አይቀድምም።

ከመንገዱ የያዝኩት ትምህርት አጭር ነው። ሲያሳርፉት የማያርፍን ልብ በጾም፣ በአየር፣ በመንፈስ እያመካኙ መደበቅ ትዕግሥት አይደለም። እኔ ከካድሬ ዓይን ልሸሸግ ብዬ የቆለፍኩት ቁልፍ ከሰው ዓይን ሁሉ ደበቀኝ።

ትምህርት በተከፈተ ዕለት ማተቤን ጣት እንዲያስገባ አድርጌ አሰርኩ። የሸሚዜን የላይኛውን ቁልፍ ሳልቆልፍ ወጣሁ። ያየኝ ይየኝ።